ለእንቁጣጣሽ ብለን አደይ አበባን እናጭዳለን፦ የድሮው መናፈሻችን ጉዳይ

የመንቆረር ልጅ · ነሐሴ 9

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ያረጁ ጽዶች፣ በድንጋይ የተካቡ እርከኖች፣ አንድ ረድፍ ጃካራንዳ፣ ከግርጌው ደግሞ በጋም ክረምትም የማይደርቅ ረግረግ ያለው የድሮ የሕዝብ መናፈሻ ነው። አያቶቻችን በሠርጋቸው ማግሥት ፎቶግራፍ ተነሥተውበታል፤ እኛ ለፈተና አጥንተንበታል። የሠፈሩ ሰዎች የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ካቋቋምን ወዲህ የተክሉ ጉዳይ በእኔ እጅ ነው።

የሚያንገበግበኝን ልናገር። በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ «መናፈሻው ለበዓል ይጽዳ» ይባልና ማጭድም መኪናም ይገባበታል። ሣሩ ጉልበት ላይ ስለደረሰ ዱር መስሏል፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሣር ውስጥ ቅርንጫፍ እያወጣ፣ እምቡጥ ሊይዝ የተዘጋጀው አደይ ነው። ሦስት ሳምንት ቢታገሡት ይፈነዳል። እኛ ግን ለእንቁጣጣሽ ብለን አጭደን እንጥለውና በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆቻችን አበባ ፍለጋ ከከተማ ይወጣሉ፤ አለዚያም ከመንገድ ዳር ገዝተው ይመጣሉ። ዘንድሮ ደግሞ ረግረጉን አድርቆ ለሙሽሮች ፎቶ መነሻ የሚሆን ንጣፍ ለማንጠፍ የታሰበ ነገር አለ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ሣሩ መቼና የት ቢታጨድ አደዩ ይተርፋል? ሁለተኛ፣ ከጥቅምት በኋላ መናፈሻው ቡናማ ይሆንና ጃካራንዳው እስኪያብብ ድረስ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ለበጋው ምን እንትከል? ሕዝቡንስ በምን እንጥራው?

ጎዛምን ዳር · ነሐሴ 9

ወንድሜ፣ እኔ ገበሬ ነኝና በማውቀው ልመልስልህ። አደይ በየዓመቱ ከዘሩ እንደገና የሚበቅል ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ይበቅላል፤ ክረምቱን ሙሉ ሣር ውስጥ ተደብቆ ይከርማል፤ መስከረም ሲጠባ ይፈነዳል፤ ጥቅምት ሲገባደድ አበባው ረግፎ ዘሩ ይጠቁራል። ኅዳር ላይ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ያጨደ ሰው የዘንድሮውን አበባ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ዓመት አብሮ አጨደ ማለት ነው። ተከታታይ ዓመት እንዲህ ከሆነ መሬት ውስጥ የቀረው ዘር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ብትጠብቀውም አይመጣም።

ገጠሩም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ድንበሩ ሁሉ ታረሰ። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ ደግሞ ቅጠለ ሰፊውን አረም መርጦ ነው የሚገድል፤ አደይ ከእነዚያው ወገን ነው። ልጆቻችሁ ከከተማ ወጥተው የሚያገኙትም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው።

መልሴ ይህ ነው፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር አጋማሽ ማጭድ አይግባ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

ሥርዓት ይኑር · ነሐሴ 10

ከሰኔ እስከ ኅዳር? ይቅርታ፣ ይህንን የሚለው ሰው ማታ በመናፈሻው በኩል አልፎ ወደ ቤቱ የሚገባ አይመስለኝም። ሣሩ ሲረዝም እባብ አለ፣ ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ሰው ይደበቅበታል። እኅቴ ከሥራ ስትመለስ ዙሪያውን ነው የምትሄደው። መናፈሻ ማለት የጸዳና የተቆረጠ ሣር ነው፤ አበባ የፈለገ ጮቄ ይውጣ።

የችግኝ ሰው · ነሐሴ 10

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ስለዚህ ሁለታችሁንም የሚያስማማ ነገር አለ። በችግኝ ጣቢያ ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁና እንዲህ አድርጉ።

በመንገዶቹ ግራና ቀኝ ሁለት እርምጃ ያህል ስፋት ሁልጊዜ አጭር አድርጋችሁ እጨዱ። መብራት ያለበት አካባቢ፣ አግዳሚ ወንበር ያለበት፣ መግቢያው፣ ይህ ሁሉ ይታጨድ። የቀረውን መሃል መሃሉን እንደ ደሴት ተዉት፤ በዙሪያው ገመድ ወይም ዝቅ ያለ የቀርቀሃ አጥር ይዙርበት። ሰው የተስተካከለ ጠርዝ ሲያይ ውስጡ ረጅም ሣር ቢሆንም «ሆን ተብሎ የተተወ ነው» ብሎ ያከብረዋል። ጠርዝ ከሌለው ግን «ባለቤት የለውም» ይልና ፌስታሉን ይወረውራል። የእኅትህም ጉዳይ በዚህ ይቃለላል፤ የሚያስፈራው መንገዱን የሚነካው ሣር እንጂ ሃያ እርምጃ ርቆ ያለው አይደለም።

ስለ በጋው ነገ እጽፋለሁ፤ ረዘም ይላል።

የጓሮ እናት · ነሐሴ 10

ልጆቼ፣ ስለ ረግረጉ ማንም ምንም ሳይል አለፈው። እንግጫው፣ ያ የበዓሉ ሣር፣ ያለው እኮ እዚያ ነው!

እኛ ልጃገረዶች ሳለን በአዲስ ዓመት ዋዜማ ተሰብስበን እንግጫ ነቀላ እንወርድ ነበር። እየዘፈንን ነው የምንነቅለው። ከአደዩ ጋር ጎንጉነን ወደ ቤት እናመጣዋለን፤ ከምሰሶው ላይ ይታሰራል፤ ለአባትና ለእናት ይበረከታል። እንግጫ ደረቅ መሬት ላይ አይበቅልም፤ እግር የሚያሰምጥ እርጥብ ይፈልጋል። ከሴ አጨዳም ነበር፤ ከሴው የበዓል ዕቃ ይታጠብበታል፣ ሽታው ቤቱን ያውደዋል። አሁን ያሉት ልጆች ከሴን ሱቅ ከሚሸጠው ሳሙና ለይተው የሚያውቁት አይመስለኝም። ረግረጉን አድርቃችሁ ንጣፍ ካነጠፋችሁበት በኋላ «እንግጫ ነቀላ ባህላችን ነው» ብላችሁ መድረክ ላይ እንዳታስጨፍሩን። የሚነቀል ሳይኖር ነቀላ የለም።

ሙሽሮቹ ፎቶ መነሣት ከፈለጉ እርከኑ ላይ ይነሡ። ድንጋዩ ያምራል፤ ደግሞም ጫማቸው አይጨቀይም።

የመንቆረር ልጅ · ነሐሴ 10

እትዬ፣ ይህንን እንዳለ ወስጄ ለኮሚቴው አነባለሁ። በዋዜማው ልጃገረዶቹን ይዘው ቢመጡልን ደስታችን ነው።

የጓሮ እናት · ነሐሴ 10

ጉልበቴ እንደፈቀደ። እርከኑ ላይ ወንበር ካስቀመጣችሁልኝ እመጣለሁ፤ ወደ ረግረጉ የሚወርዱት እነሱ ናቸው።

የችግኝ ሰው · ነሐሴ 11

የበጋው ጉዳይ። መጀመሪያ ከፍታውን አስቡ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ነው፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800። እዚያ ያማረ ሁሉ እዚህ አያምርም። ጅብራን ከጮቄ አምጥተን እንትከል የሚል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፤ ጅብራ የውርጭ አገር ተክል ነው፣ ተራራው ላይ ተዉት።

ለዚህ ከፍታ የሚስማማውን ልንገራችሁ። ክረምቱ ሲወጣ ዋንዛ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ንብ ይወረዋል፤ ጥላውም ሰፊ ነው። ከዚያ ኮሶ። ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ያን ቀላ ያለ የተንዠረገገ አበባ የምትሰጠው ሴቷ ናት። አንድ ብቻ ተክላችሁ ወንድ ከሆነ አትዘኑ፣ ሌላ ጨምሩ። በጋው መሃል ላይ ቆርች አለላችሁ፦ ቅጠሉን አራግፎ እሳት የመሰለ ቀይ አበባ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ያወጣል። ከቅርንጫፉ ቆርጣችሁ ብትተክሉት ይይዛል፤ ለዚህ ነው ገበሬው ለአጥር የሚወደው። ግራዋ በታኅሣሥና በጥር ነጭ አበባ አለው፤ ቅጠሉን ደግሞ ጋን ለማጠብ የሚፈልጉ እናቶች ሞልተዋል፤ ስለዚህ ማንም አያስቆርጠውም። እሬት በድንጋይ እርከኑ ላይ ውኃ ሳይጠይቅ ያብባል። ቀጋና ሰንሰል ለዙሪያው አጥር። ከዚያ በመጋቢት ጃካራንዳው ይቀበላችኋል።

ቦታ ካላችሁ አንድ ዝግባ ጨምሩ። እናንተ አታዩትም፤ የልጅ ልጅ ያየዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የወፍ ቆሎን ለአጥር የሚያመጣላችሁ ሰው ይኖራል፤ አበባው ባለ ብዙ ቀለም ስለሆነ ያማልላል። አታስገቡት። ወፎች ፍሬውን በልተው በየቦታው ይዘሩታል፣ በኋላ ነቅላችሁ አትጨርሱትም።

ሀገር በቀል ብቻ · ነሐሴ 11

ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ ግን ከጃካራንዳው ጋር ምን አግባባን? የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። ተቆርጦ በዋንዛና በወይራ ይተካ። ታሪካዊ መናፈሻ ከተባለ የራሳችን ዛፍ ይኑርበት።

ያልታወቀ አንባቢ · ነሐሴ 11

በርበሬም ከዚያው አህጉር ነው የመጣው። ድንችም እንዲሁ። ምሳህን ምን ልትበላ ነው?

ሀገር በቀል ብቻ · ነሐሴ 11

ቀልዱ ይቆየን። ባሕር ዛፍም በዚህ መልክ ነው «ይጠቅማል» ተብሎ በምኒልክ ዘመን ገብቶ ዛሬ ምንጩን ሁሉ የመጠጠው።

የችግኝ ሰው · ነሐሴ 11

ባሕር ዛፉን ከረግረጉ አርቁት፤ በዚህ እስማማለሁ። ጃካራንዳ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ ባሕር ዛፍ ውኃ አይመጥጥም፣ እንደ ወፍ ቆሎም በእኛ ከፍታ ዱሩን አይወርም። ያረጀ ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ቀላል ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ያንን ጥላ መልሶ ማግኘት ነው ዕድሜ የሚጠይቀው። የሚሞተው ሲሞት በሀገር በቀል ይተካ፤ ያለውን ግን ተዉት። የከተማው ሰው የፋሲካን መቃረብ የሚያውቀው በዚያ ሐምራዊ ምንጣፍ ነው።

ጣና ዳር · ነሐሴ 12

ከባሕር ዳር ነኝ። እኛ ዘንድ በሚያዝያና በግንቦት የድሬዳዋ ዛፍ ከተማውን ቀይ ያደርገዋል፤ ዘንባባውም የመንገዶቻችን መለያ ነው። የድሬዳዋ ዛፍን ማርቆስ ላይ አትሞክሩት፤ ብርዱ ያሰቃየዋል።

እኔ ግን የመጣሁት ለማስጠንቀቅ ነው። ረግረጋችሁን «እናሳምረው» ብሎ እምቦጭ የሚያመጣ ሰው ካለ አሳልፋችሁ አትስጡ። ሐምራዊ አበባው እውነትም ያምራል፤ ጣና ላይ ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ ያደረገውን ግን እኛ አይተናል። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ማውጣት አቅቶት፣ ሕዝቡ ከየወረዳው እየተጠራ በእጁ ሲነቅል ከረመ። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ምዝገባው እምቦጩን አላቆመውም።

ሕዝብና ተክል ተግባብተው እንዴት እንደሚኖሩ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ በጀልባ ዘጌ ግቡ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ሌሎቹ ገዳማት ያሉበት ልሳነ ምድር በሙሉ የቡና ደን ነው። እዚያ በበሬ አይታረስም፣ ከብት አይለቀቅም፤ ሥርዓቱ ከገዳሙ አባቶች የወረደ ነው። ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ጌሾው ከቡናው ጋር። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ሽታው ከጀልባው ላይ ይደርሳችኋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ያንን ለማየት ሰው ስልክ ተደዋውሎ ነው የሚሄደው። እናንተም ከድግስ በፊት የአበባውን ቀን ጠብቁ፤ ሰውን በአበባው ጥሩት።

ባለ ጅራፍ · ነሐሴ 12

ነገ ቡሄ ነው፤ ስለዚህ አንድ የማትወዱትን ነገር ላንሣ። የመናፈሻውን ዛፎች ታችኛውን ልጥ ማን እየላጠ እንደሚያደርቃቸው ታውቃላችሁ? የጅራፍ ልጆች ናቸው። እኔም በዘመኔ ጅራፍ ገምጃለሁ፤ ልጁን መቆጣት ጅራፉን አያስቀረውም። ከመናፈሻው ጥግ ድንጋያማው ቦታ ላይ ቃጫ ትከሉና የራሳቸው ይሁን። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ጅራፍ አገማመድ ያሳያቸው። ከዚያ ዛፉን የሚጠብቁት እነሱ ይሆናሉ።

ሥርዓት ይኑር · ነሐሴ 12

ይህ እንኳ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ባለ ጅራፍ · ነሐሴ 12

ዘንድሮ ከተስማማን ለቡሄ አበቃልን ማለት ነው።

የእንጅባራ ንብ አናቢ · ነሐሴ 14

ከአዊ ነኝ። ስለ ቢጫው አበባ አንድ ነገር ላብራራ፤ በፎቶ ሁሉ ሲደባለቅ አያለሁና። በጥቅምት ጎጃምን በቢጫ የሚሸፍነው ሰፊ ማሳ ብዙውን ጊዜ አደይ አይደለም፤ ኑግ ነው፤ ገበሬው ለዘይቱ የዘራው። በመንገድ ዳርና በእርጥብ ሜዳ ያለው ደግሞ መጭ ይሆናል። ለንብ ሦስቱም ገበታ ናቸው። በጥቅምትና በኅዳር የምንቆርጠው ነጣ ያለ ማር ከእነዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ደሴቶቻችሁ ውስጥ መጭንም ተዉት፤ አደይ ሲያልቅ እሱ ይቀጥላል። ከጽዶቹ ኋላ፣ ሰው ከማያልፍበት ቦታ፣ ጥቂት ቀፎ ብታስቀምጡ ኅዳር ላይ የማር ቀን ማድረግ ትችላላችሁ። ቀፎው መንገድ ላይ እንዳይሆን ብቻ።

ስለ ሕዝብ መሰብሰብ ከጠየቃችሁ፣ እኛ ዘንድ የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ለምን እስከዛሬ ቆየ ብትሉኝ ቀኑ ስለማይለዋወጥ ይመስለኛል። ፈረሰኛው ማስታወቂያ አይጠብቅም። እናንተም ለመናፈሻው ቋሚ ቀን ምረጡ፤ «በቅርቡ ይካሄዳል» የሚባል ዝግጅት ፈረስም ሰውም አያመጣም።

የዋሸራ ደቀ መዝሙር · ነሐሴ 15

ቀኑ እኮ አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፤ አርባ ቀን። በየቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው በዚህ ወቅት ነው፤ አበባው የእመቤታችንና የልጇ ምሳሌ እየሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይወረባል። የሊቃውንቱን ቦታ መናፈሻ ይውሰደው አላልሁም፤ ሌሊቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ግን በዚያው ሰሞን፣ በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የቅኔ ተማሪዎች በአደዩ መሃል ተቀምጠው የዘረፉትን ቅኔ ለሕዝብ ቢያሰሙ ማን ይጠላል? ጎጃም የቅኔ አገር ነው እየተባለ ስንት ሰው ቅኔ ሲዘረፍ በጆሮው ሰምቷል? ሰሙንና ወርቁን የሚያብራራ አንድ መምህር አብሮ ይቀመጥ። ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል።

ጎዛምን ዳር · ነሐሴ 15

እኔ እንኳ ቅኔው ባይገባኝ ለአደዩ ስል እመጣለሁ።

ውኃ አጠጪ · ነሐሴ 17

ሁሉም ስለ መትከልና ስለ ማበብ ይጽፋል። እኔ ውኃ የማጠጣ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የማይወደደውን ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ያን ቀን እኔም አካፋ ይዤ ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር። ፎቶው ግን ሐምሌ ላይ ይነሣል፤ ችግኙ የሚሞተው በየካቲት ነው።

የችግኝ ሰው የዘረዘራቸውን ከፈለጋችሁ፦ ጉድጓዱ ከክረምቱ በፊት ይቆፈር፤ ችግኙ ሐምሌ ሲገባ ይተከል፣ ቢያንስ ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ያግኝ። ላስቲኩን አውልቁለት! በየዓመቱ የደረቀ ችግኝ ስነቅል ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ አገኘዋለሁ። ከሥሩ ዙሪያ የታጨደ ሣር አልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ዝናቡ እስኪመለስ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ የሚገባ ውኃ፤ በየቀኑ ከላይ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋል። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ቤተሰብ ይመደብ፤ ስሙ ይጻፍ። ሁለት መቶ ተክሎ አሥር ከማዳን ሃያ ተክሎ አሥራ ስምንት ማዳን ይሻላል።

የመንቆረር ልጅ · ነሐሴ 21

ዛሬ ከጽዳቱ ክፍል ጋር ተነጋገርን። ክርክሩ ረዘመ፤ ባጭሩ፦ የላይኛው ግማሽ ይታጨዳል፣ የታችኛው ግማሽ ከነረግረጉ ይተዋል። ጠርዙን እኛ በገመድ እናበጃለን። የንጣፉ ነገር «ለጊዜው» ቆሟል። ለጊዜው የሚለውን ቃል አልወደድኩትም፤ ግን ለዛሬ በቂ ነው።

ደመራውን የት እንትከል? ድሮ ከትልቁ ጽድ ሥር ነበር።

ጎዛምን ዳር · ነሐሴ 21

ከጽዱ ሥር? ጽድ እሳት ይወዳል እንዴ! ግንዱ ዘይት አለው፤ ሙቀቱም ልጡን ይጠብሰዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳይመስል ቆይቶ በአንድ ጎኑ መድረቅ ይጀምራል። ሕዝቡም ቆሞ ሥሩን ይረግጠዋል። ከላይ ከታጨደው ሜዳ፣ ከዛፍ ርቆ ይሁን።

የመንቆረር ልጅ · መስከረም 4

እንኳን አደረሳችሁ። ወሬ አለኝ፤ ጥሩም መጥፎም።

ጥሩው፦ የታችኛው ግማሽ ቢጫ ሆኗል። በዋዜማው እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ልጃገረዶቹ እንግጫ ሲነቅሉ ዋሉ፤ ብዙዎቹ ሲነቅሉ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሦስቱ ረግረጉ ውስጥ ጫማቸውን አስቀርተዋል። ዘፈኑን እትዬ ከላይ ይጀምራሉ፣ ከታች ይቀበላል። መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

መጥፎው፦ በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ የመግቢያው በኩል ያለው ደሴት አደይ አልነበረበትም። በጆንያ ነው የሄደው። ለሽያጭ።

ሀገር በቀል ብቻ · መስከረም 4

ጥበቃ ይቀጠር። አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ይተከል።

የጓሮ እናት · መስከረም 4

ተው እባክህ ልጄ! አደይን በእንቁጣጣሽ አትቅጠፉ ብለህ ሰሌዳ ልትተክል? ታዲያ ለማን ነው ያበበው? ልጅ በእጇ የምትይዘውን ያህል ብትቀጥፍ አደይ አያልቅም፤ እኛ ስንቀጥፍ ነው የኖርነው። ጆንያ የያዘው ሌላ ነው። እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ችግረኛ ነው። አንድ ሰው ሄዶ ያናግረው።

የችግኝ ሰው · መስከረም 5

እትዬ ልክ ናቸው። ለሚመጣው ዓመት አንዱን ደሴት፣ ለመንገድ የቀረበውን፣ «ለመቅጠፍ» ብላችሁ ለዩት። የቀሩት ሁለቱ ለዘር ይቆዩ። ሰው የሚቀጥፍበት ቦታ ካለው ሌላውን ይተዋል። ሻጩንም ዘር እንዲለቅም በትንሽ ክፍያ አሰማሩት፤ ከማንም በላይ አደይ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው።

የዋሸራ ደቀ መዝሙር · ጥቅምት 9

የእሑዱን ቅኔ ላልመጣችሁ፦ ከጠበቅነው በላይ ሰው ነበር። ሁለት ተማሪዎች አደዩንና ንቡን ሰም አድርገው ዘረፉ፤ ወርቁን እዚህ አልጽፈውም፣ በሚቀጥለው ዓመት መጥታችሁ ስሙ። አንድ አባት ከአግዳሚው ተነሥተው አንዱን ቅኔ አረሙት፤ መምህሩም ተቀበሏቸው። የጎጃም ሕዝብ በተሰበሰበበት ቅኔ ሳይታረም አይቀርም።

የእንጅባራ ንብ አናቢ · ጥቅምት 10

ቀፎውስ?

የመንቆረር ልጅ · ጥቅምት 10

ሁለት ቀፎ ከጽዶቹ ኋላ ተቀምጧል። የማር ቀኑ ግን ለሚመጣው ኅዳር ይቆይ፤ ንቦቹ ገና እየለመዱ ነው።

የመንቆረር ልጅ · ኅዳር 16

የዘር ለቀማው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ በላስቲክ የተያዘ ዘር ይሻግታል። የደረቀውንና የጠቆረውን ብቻ ልቀሙ፤ ግማሹን እዚያው ተዉት። የለቀምነውን ደረቅ ቦታ አስቀምጠን ግንቦት መጨረሻ ላይ በላይኛው ግማሽ፣ አፈሩን ጫር ጫር አድርገን እንበትነዋለን። አበባ ሻጩ ሰውዬም ይመጣል፤ ቃል ገብቷል።

ለጥር የሠርግ ወቅት እርከኑን አጽድተናል። እሬቱ ለጥምቀት የሚደርስ ይመስላል። ለሐምሌ የሚተከሉት ችግኞች ሃያ ናቸው፦ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ቆርች፣ ግራዋና አንድ ዝግባ። ቤተሰብ የሚመዘገበው ቅዳሜ እዚያው ነው። ዝግባውን ማን እንደሚወስድ ከአሁኑ ክርክር ተነሥቷል።

ውኃ አጠጪ · ኅዳር 16

ዝግባውን የሚወስድ ሰው ልጅ ያለው ይሁን። ባልዲም ያለው።

ሥርዓት ይኑር · ኅዳር 17

ከቅዳሜው በኋላ ሣሩ ይታጨዳል ወይስ አሁንም «ይጠበቅ» ልትሉን ነው?

ጎዛምን ዳር · ኅዳር 17

ይታጨዳል። ግን አጭዳችሁ ወዲያው አትጫኑት። ሳምንት ያህል እዚያው መሬት ላይ ይድረቅ፤ አልፎ አልፎ በመንሽ ገልበጥ አድርጉት፤ የቀረው ዘር ይረግፋል። ከዚያ ድርቆሹን ማውጣት ይቻላል።

ያልታወቀ አንባቢ · ኅዳር 17

ድርቆሹን ማን ይወስደዋል? ሁለት ላሞች አሉኝ።

የመንቆረር ልጅ · ኅዳር 17

ቅዳሜ ለዘር ለቀማው የመጣ ሰው ቅድሚያ አለው። ማጭድዎን ይዘው ይምጡ።